ስለ ጎረቤት የሚደረግ ድካም፤ በአንዲት የእንግሊዝ መንደር ያየነውና የሰማነው

ሰው ሥራ የሚሠራበት ምክንያት ሦስት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አንደኛው ስለ ደመወዝ፥ ሁለተኛው ስለ ትእዛዝ፥ ሦስተኛው ስለ ፍቅር ነው። ስለ ደመወዝ የሚሠራውን ገንዘብ ቤት ይመዘግበዋል፤ ስለ ትእዛዝ የሚሠራውን አዛዡ ያውቀዋል። ስለ ፍቅር የሚሠራው ግን መዝገብም ደረሰኝም ስለሌለው ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። እኛ ዕድሜያችንን በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የምናሳልፍ ስለ ሆንን፥ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ከሚደረገው ነገር ክፉውን እንጂ ደጉን የመጻፍ ዕድል አላገኘንም። ስለ ድንበር የተካሰሱ፥ ስለ ውሃ መውረጃ የተጣሉ፥ ስለ አጥር የተማቱ ሰዎች ስም በእጃችን በብዙ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ጎረቤቱን በሌሊት ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰ ሰው ግን ወደ ችሎት መጥቶ ይህን ጻፉልኝ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ከመዝገባችን ውጭ ስለ ቀረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ሥራ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን።

ይህን አሳብ ያመጣችብን በእንግሊዝ አገር በደርቢሺር አውራጃ፥ በኮረብቶች መካከል ያለች ኢም የምትባል መንደር ናት። ስሟን መጀመሪያ የሰማነው በልጅነታችን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፥ አንድ ሽማግሌ መምህር ስለ ባልንጀራ ፍቅር ሲያስተምሩን የዚችን መንደር ታሪክ ተረኩልን። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፥ ለሥራ ጉዳይ ወደ ሸፊልድ ከተማ በሄድን ጊዜ፥ መንደሪቱ ከከተማው ብዙ እንዳልራቀች ስለ ሰማን አንድ ቀን አስፈቅደን ሄደን አየናት። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ቤቶቿ በደንብ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በመንገዷ ዳር ከኮረብታው የወረደ ውሃ የሚጠራቀምባቸው የድንጋይ ገንዳዎች ይታያሉ፤ ይህ ለሕዝብ ሁሉ የሚሆን የውሃ ሥራ በ1588 ዓ.ም. የተጀመረ ነው ይባላል። በቅዱስ ሎሬንስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ፥ በልዩ ልዩ ሐረግ የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ዳሩ ግን ዓይናችንን ይዞ ያስቀረው ትልቁ ነገር ሳይሆን ትንሹ ነበረ፤ ይኸውም በመንገድ ዳር የቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ጸሐፊ የሆነ ሰው የተለጠፈ ወረቀት ሳያነብ ማለፍ አይሆንለትምና ቆመን አንድ በአንድ አነበብነው።

አንደኛው ወረቀት የአጥቢያው ሸንጎ የሚሰበሰብበትን ቀንና የሚነጋገርበትን ጉዳይ ያስታውቃል። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያኑን በአበባ የሚያስጌጡ ሴቶች ተራቸው በየትኛው ሳምንት እንደ ሆነ ይዘረዝራል። ሦስተኛው ደወል መደወል ለመማር የሚወድ ሰው ቢኖር በማታ እንዲመጣ ይጋብዛል። አራተኛው ለበዓል ምንጮችን ለማስጌጥ እጁን የሚያበድር ሰው ይፈልጋል። አምስተኛው የመንደሩን አዳራሽ ጣራ ለማሳደስ ጣፋጭ ዳቦ ጋግረው ስለሚሸጡ እናቶች ይናገራል። ስድስተኛው ደግሞ ስለ ጠፋች ድመት ነው። በዚያ ሰሌዳ ላይ ስለ ደመወዝ የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ አላገኘንም።

ስለ ምንጮቹ ማስጌጥ ጥቂት እናብራራ። ይህ ልማድ የደርቢሺር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያከብሩት ነው። ሰፊ የእንጨት ገበታ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በላዩ ርጥብ ጭቃ ይለሰናል፤ ከዚያም የሥዕሉ መልክ በጭቃው ላይ ከተነደፈ በኋላ የአበባ ቅጠል፥ ዘር፥ ሽበትና የዛፍ ልጥ አንድ በአንድ በጣት እየተጫነ ይለጠፍበታል። ሥራው ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ልጅና ሽማግሌ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጡበታል። ሥዕሉ ግን ከተፈጸመ በኋላ ጭቃው ሲደርቅ አበባውም ሲጠወልግ ጥቂት ቀን ብቻ ቆይቶ ይፈርሳል። በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ይሠራል። ለሚጠፋ ነገር ይህን ያህል መድከም ለጊዜው ከንቱ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ቢፈርስ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች መተዋወቃቸው አይፈርስም።

የአጥቢያው ሸንጎ የሚባለውም በ1894 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። በእንግሊዝ አገር ያሉት እንደዚህ ያሉ ሸንጎዎች ስለ መንገድ መብራት፥ ስለ መቃብር ስፍራ፥ ስለ ልጆች መጫወቻ ሜዳና ይህን ስለ መሰለ ጉዳይ ያስባሉ። አባሎቹ ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ ደመወዝ የሚቈረጥለት ጸሐፊው ነው። ይህን በሰማን ጊዜ ስለ ሙያችን ክብር በልባችን ጥቂት ደስ እንዳለን አንደብቅም።

እንግዲህ መምህራችን የነገሩንን ታሪክ በአጭሩ እንተርክ። በ1665 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ታላቅ ቸነፈር ተነሥቶ ነበር። በዚያ ዓመት በከተማው የሞት ዝርዝር በቸነፈር ሞቱ ተብለው የተጻፉት ብቻ ከ68,000 በላይ ናቸው። በኦገስት ወር መጨረሻ አሌክሳንደር ሃድፊልድ ለሚባል ለኢም ልብስ ሰፊ ከለንደን የጨርቅ ጥቅል መጣለት። ጨርቁ ርጥበት ስለ ነበረው ረዳቱ ጆርጅ ቪካርስ በእሳት አጠገብ ዘርግቶ አደረቀው፤ በጨርቁ ውስጥም ደዌውን የተሸከሙ ቁንጫዎች ነበሩ ይባላል። ቪካርስ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሞቱ ከቤት ወደ ቤት ተሸጋገረ። ብርዱ በበረታ ጊዜ ጥቂት ጋብ አለ፤ በ1666 ዓ.ም. ሙቀቱ ሲመለስ ግን እንደ ሰደድ እሳት ተነሣ።

በመንደሪቱ ሁለት ካህናት ነበሩ። አንደኛው ዊልያም ሞምፐሰን የተባለ የ28 ዓመት ወጣት፥ አዲስ የተሾመ የአጥቢያው ቄስ ነው። ሁለተኛው ቶማስ ስታንሌይ ከእርሱ በፊት የነበረና ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋራ ባለመስማማቱ ከሹመቱ የወረደ፥ ሕዝቡ ግን የሚወደው ሰው ነው። ሹመት የወሰደና ሹመት የተወሰደበት ሰው በአንድ መንደር ሲኖሩ ፍቅራቸው እንዴት ሊሆን እንደሚችል አንባቢዎቻችን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ሆኖም መከራው በመጣ ጊዜ ሁለቱ ተገናኝተው መከሩ፤ ምክራቸውንም ሕዝቡ ተቀበለው። ይኸውም ሦስት ነገር ነው። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሞተበትን ሰው በገዛ መሬቱ እንዲቀብር፤ ጸሎቱ በተዘጋ ቤት ሳይሆን ኩክሌት በሚባለው ሸለቆ በሜዳ ላይ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተራርቆ እንዲደረግ፤ ከመንደሩም ወሰን ማንም እንዳይወጣ፥ ማንም እንዳይገባ።

በወሰኑ ላይ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ነበረ፤ ዛሬም አለ። የጎረቤት መንደር ሰዎች ምግብ አምጥተው በዚያ አኑረው ይመለሳሉ፤ የኢም ሰዎችም ዋጋውን ኮምጣጤ በሞላበት ቀዳዳ ውስጥ ያስቀምጡላቸዋል። ኮምጣጤው ደዌውን ከገንዘቡ ያጥባል ብለው አምነው ነበር። በቻትስወርዝ ግቢያቸው ይኖሩ የነበሩት የደቮንሺር ኤርልም ለመንደሪቱ ስንቅ ይልኩ ነበር። ባለጸጋ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ርስቱን ትቶ ቢርቅ የሚወቅሰው አያገኝም ነበርና ይህ ሥራቸው ከስማቸው ጋራ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል እናት በ1666 ዓ.ም. በኦገስት ወር በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች። የመቃብራቸው ድንጋዮች ከመንደሩ ወጣ ብሎ በመስክ መካከል በክብ ግንብ ተከበው ይታያሉ፤ እኛም በዚያ ቆመን ቈጠርናቸው። የቄሱ ሚስት ካተሪን ሞምፐሰንም ሁለት ልጆቿን አስቀድማ ወደ ሌላ ስፍራ ሰድዳ እርሷ ከባሏ ጋራ ቀርታ ነበርና በዚያው ወር ሞተች። ባሏ የእናታቸውን ሞት ለልጆቹ ያረዳበት ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይነበባል። በኖቬምበር 1 ቀን 1666 ዓ.ም. የመጨረሻው ሰው ሞተ። በ14 ወር ውስጥ በዚያች ትንሽ መንደር የሞቱት 260 ያህል ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞምፐሰን ወደ ሌላ አጥቢያ በተዛወረ ጊዜ፥ የዚያ አገር ሰዎች ደዌውን ያመጣብናል ብለው ፈርተው በመጀመሪያ ከመንደራቸው ውጭ በጎጆ አኖሩት ይባላል። ስለ ሰው የደከመ ሁሉ በሰው ዘንድ ወዲያው ምስጋና እንደማያገኝ ይህ ምስክር ነው።

እኛ የፍርድ ቤት ሰዎች ስለ ሆንን ታሪክ ሲነገረን ማስረጃውን መጠየቅ ልማዳችን ነው። በዘመኑ የተጻፈው የአጥቢያው የቀብር መዝገብና የሞምፐሰን ደብዳቤዎች ናቸው። ታሪኩን በመጽሐፍ መጀመሪያ ያሳተመው ዶክተር ሪቻርድ ሚድ የተባለ ሐኪም ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ባለቅኔዎችና ጸሐፊዎች ደግሞ ብዙ ጌጥ ጨመሩበት። በዘመናችን ያሉ አንዳንድ ሊቃውንትም ሁሉም በፈቃዱ ቀርቷል ማለት አስቸጋሪ ነው ይላሉ። ሀብት የነበራቸው አስቀድመው ሄደው ነበር፤ ድኾቹ ቢወጡም የሚቀበላቸው አገር አልነበረም፤ ተዘግቶ መቀመጡም በውስጥ ለነበሩት ሞትን ሳያበዛ አልቀረም ብለው ይከራከራሉ። ይህ ክርክር ችላ የሚባል አይደለም፤ እኛም እንቀበለዋለን። ዳሩ ግን በምድር ላይ የተተከለ ድንጋይ ብቻውን የሰውን እግር አያስርም። ልጁ በፊቱ ሲሞት ያየ አባት ሌሊት ተነሥቶ የቀረውን ልጁን ይዞ በተራራው ላይ ለመጥፋት መንገድ አያጣም ነበር። ምንም መሄጃ ቢያጥረው እንኳ፥ ከሰኔ እስከ ኅዳር በወሰኑ ውስጥ የቀረ ሕዝብ ከችግሩ ሌላ የራሱ ፈቃድ ያለበት ይመስለናል። ፍጹም የሆነ በጎነት በምድር ላይ ስለማይገኝ፥ ከችግር ጋራ የተቀላቀለውን በጎነት አንናቀው።

ይህን ታሪክ ዛሬ የሚጠብቁት እነማን ናቸው ብለን ጠየቅን። በ1994 ዓ.ም. የሜቶዲስት ማኅበር ጸሎት ቤት በነበረው ቤት ውስጥ ሙዚየም ተከፍቷል፤ እንግዳ የሚቀበሉትና ታሪኩን የሚያስረዱት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ እሑድ ደግሞ ሕዝቡ አባቶቹ በጸለዩበት በኩክሌት ሸለቆ ተሰብስቦ የሞቱትን ያስባል። በመንደሪቱ ያገኘናቸው አንዲት አሮጊት እመቤት ብዙ ዓመት በልዩ ልዩ አገልግሎት እንደ ደከሙ በትሕትና ነገሩን። ከእርስዎ በኋላ ማን ይተካል ብለን በጠየቅናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉ፤ በኋላም የተራውን ዝርዝር አውጥተው አሳዩን። በብዙ ቀኖች አንጻር የእርሳቸውና የእኩዮቻቸው ስም ተመላልሶ ተጽፏል፤ በአንዳንድ ቀኖች አንጻር ግን የስሙ ቦታ ባዶ ነበረ።

ያ ባዶ ቦታ የዚያች መንደር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በብዙ መንደር ሱቁና ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል፤ የቤት ዋጋ ስለ ናረ ወጣቶቹ ወደ ከተማ ሄደዋል፤ የቀሩትም አርጅተዋል። ሆኖም ባላገሮቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በብሪታንያ በመቶ የሚቈጠሩ መንደሮች ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ የመንደሩን ሱቅ የራሱ አድርጎታል፤ ከጠረጴዛው በኋላ ቆመው የሚሸጡት ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ በተራ የሚሠሩ ጎረቤቶች ናቸው። ቀይ የሆነው የጥንቱ የመንገድ ስልክ ቤትም፥ ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ስለ ያዘ ሥራ በፈታ ጊዜ፥ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለአጥቢያ ሸንጎዎች በአንድ ፓውንድ ይሸጥ ጀመር። በአንዳንዱ ውስጥ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ በአንዳንዱም የቆመ ልብን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያስነሣ መሣሪያ ተሰቅሏል።

ይህ ልማድ በችግር ቀን ምን ያህል እንደሚጠቅም የአገሪቱ ታሪክ ያሳያል። የገጠር ሴቶች ማኅበር በ1897 ዓ.ም. በካናዳ ተጀምሮ በ1915 ዓ.ም. በዌልስ አገር በአንግልሲ ደሴት ወደ ብሪታንያ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን በሚታደልበት ጊዜ መንግሥት ለእነዚህ ሴቶች ስኳር ሰጥቷቸው፥ ከ1940 እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ ከ5,000 ቶን በላይ ፍሬ ማርማላታ እያደረጉና በጣሳ እያሸጉ ከብልሽት አድነዋል። በሴፕቴምበር 1939 ዓ.ም. ደግሞ ከአየር ድብደባ ለማዳን በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕፃናት፥ እናቶችና ሌሎች ሰዎች ከከተማ ወጥተው ወደ መንደር ገቡ። አንድ ልጅ ለተቀበለ ቤት መንግሥት በሳምንት 10 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ይከፍል ነበር። አይበቃም ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ የማያውቁትን ልጅ እንደ ልጃቸው ያሳደጉም ነበሩ።

በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜም መንግሥት በቤታቸው ለተዘጉ ደካሞች የሚላላኩ 250,000 ሰዎች ቢፈልግ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ 750,000 ሰዎች ተመዘገቡ። ከዚህም ሌላ በየመንደሩ ሰው ስሙንና የስልክ ቍጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በጎረቤቱ በር ሥር እያስገባ፥ መድኃኒትና እንጀራ አመጣልሃለሁ ይለው ነበር። የምግቡ ቅርጫት በደጃፍ ላይ ተቀምጦ አምጪው ወደ ኋላ ሲርቅ የኢምን የወሰን ድንጋይ ያላስታወሰ አልነበረም፤ የመንደሪቱ ስምም በዚያን ወራት በጋዜጦች ሁሉ እንደ ገና ተነሣ።

እኛን ግን ያ ድንጋይ ሌላ ነገር አስታወሰን። በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ሆነን ደበሎ ለብሰን በባዕድ አገር ስንማር፥ በየደጁ ቆመን በእንተ ስማ ለማርያም እያልን ቍራሽ እንለምን ነበር። ከውስጥ የምትወጣው እናት ስማችንን አታውቅም፤ ዘመዶቻችንን አታውቅም፤ ነገ ምን እንደምንሆንላትም አታስብም። ከልጆቿ ጕርሻ ላይ ቀንሳ በአኰፋዳችን ታስቀምጥልናለች። ዛሬ ብዕር ይዘን በመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች በእነዚያ እናቶች ቍራሽ የተሠራን ነን። ያን ዕዳ ለባለቤቶቹ መክፈል አይቻልም፤ ብዙዎቹ አርፈዋልና። የሚቻለው ለሌላ ሰው መክፈል ብቻ ነው።

ወደ አገራችን በተመለስን በጥቂት ወር ውስጥ የሠፈራችን የዕድር ጸሐፊ የነበሩት አባት ዓይናቸው ስለ ደከመ ተተኪ ይፈለግ ጀመር። በስብሰባው ላይ ዳኛው ይህን በተናገሩ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ መሬት ይመለከት ነበር። እኛም ያን ባዶ የስም ቦታ አሰብን። ወደ ቤታችን ገብተን ባለቤታችንን ባማከርናቸው ጊዜ፥ ቀኑን ሙሉ ለመንግሥት መዝገብ ሰጥተን ማታውን ለሠፈር መዝገብ ከሰጠን ለልጆች የሚቀረው ምንድር ነው ብለው ጠየቁን። ጥያቄው እውነተኛ ነበረ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ አንድ መላ ተገኘ፤ ታላቂቱ ልጃችን ጽሕፈቷ ያማረ ስለ ሆነ፥ በወር አንድ ማታ ከእኛ ጋራ ተቀምጣ የዕድሩን ሒሳብ እንድትጽፍ ተስማማን። እነሆ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እኛ እናነባለን፤ እርሷ ትጽፋለች። የማን እናት እንደ ታመመች፥ የማን ቤት ኀዘን እንዳለበት፥ ማን መዋጮ አቅቶት እንደ ተቸገረ አወቀች። አንድ ማታም ለሦስት ወር ያልከፈሉ አንዲት ባልቴት ስም ላይ ደርሳ ብዕሯን አነሣችና፥ መቀጫውን ከመጻፏ በፊት ቤታቸው ሄዳ ለምን እንደ ሆነ ብትጠይቅ እንደማይሻል ጠየቀችን። እኛ በሃያ ዓመት የመዝገብ ሥራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከማንም አልሰማንም። በማግሥቱ ከእናቷ ጋራ ሄደች፤ ባልቴቲቱም አልጋ ላይ ውለው ተገኙ፤ ጉዳዩም ለዳኛው ተነግሮ መቀጫው ቀረ።

ክቡራን አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጆቻችን የሰውን ሥራ በደመወዙ ልክ ብቻ እየመዘኑ ካደጉ፥ እኛ ባረጀን ጊዜ ደጃችንን የሚያንኳኳ አናገኝም። ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ማስተማር አይቻልም፤ ልጅ የሚማረው አብሮ ሲሠራ ነው። በየሠፈራችን፥ በየአጥቢያችንና በየማኅበራችን ሽማግሌዎች ብቻቸውን የያዙት መዝገብ፥ ቁልፍና ተራ አለ። ከቤተ ሰባችን አንድ ሰው፥ በወር አንድ ማታ ቢሆን እንኳ፥ በአጠገባቸው እንዲቀመጥ እናድርግ። እግዚአብሔር የጎረቤትን ፍቅር በየቤታችን ያሳድርልን።